ሲሄዱ 16 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13፦ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ርቀት ነገር

ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ከቦሌ ወደዚያ የሚሄደው አውሮፕላን እንደተለመደው መንገድ ላይ አንድ ቦታ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ከዚያ የሚመጣው ግን የትም ሳያርፍ ቦሌ ከች ይላል። መሄጃው 16 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መመለሻው 13 ገደማ። ከተሞቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ታዲያ ሦስቱ ሰዓት ከየት መጣ?

ስልኩን አውጥቶ «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ለፈለገ ሰው 11,560 አካባቢ የሆነ ቁጥር ይመጣለታል። አንዱ ገጽ ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ብዙም አይራራቁም። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን የመሬት ቁጥር ነው፤ የአውሮፕላን አይደለም። አውሮፕላኑ የሚጓዘው ርቀት ከቀን ቀን ይለያያል። የሚፈጅበት ሰዓት ደግሞ ከርቀቱ እኩል ነፋሱ፣ ነዳጁና የቦሌ ከፍታ ይወስኑታል።

መጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ እንይ፤ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ፣ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ደግሞ 38.8 ዲግሪ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት 39 ዲግሪ ሰሜን፣ 77.5 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ይገኛል። ቀመሩ እነዚህን አራት ቁጥሮች ተቀብሎ አንድ ማዕዘን ይሰጣል። መሬት መሀል እምብርቷ ላይ ቆማችሁ አንድ እጃችሁን ወደ ቦሌ፣ ሌላውን ወደ ደለስ ብትዘረጉ በሁለቱ እጆች መካከል የሚከፈተው ማዕዘን ማለት ነው። እሱም 104 ዲግሪ ነው። ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው፤ የመሬት ዙሪያ ደግሞ በአማካይ 40,030 ኪሎ ሜትር። 104ን ለ360 አካፍላችሁ በ40,030 አባዙት። 11,564 ይመጣላችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ገጾቹ በጥቂት ኪሎ ሜትር የሚለያዩት ለምንድን ነው? አንደኛ፣ መሬት ድቡልቡል ኳስ አይደለችም። ወገቧ ላይ ትንሽ ሰፋ ትላለች። ከመሀሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378፣ እስከ ዋልታ ግን 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። አንዳንዱ ማስያ ይህን ከግምት ያስገባል፣ አንዳንዱ አማካዩን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ አንዱ የሚለካው ከመሀል ከተማ እስከ መሀል ከተማ ነው፤ ሌላው ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት። ደለስ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ከዋሽንግተን መሀል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይርቃል።

የመለኪያው ዓይነትም ያምታታል። አሜሪካ ያለው ዘመድ በማይል ቆጥሮ 7,185 ይላችኋል። አብራሪው የሚቆጥረው ግን በባሕር ማይል ነው፤ አንዱ 1,852 ሜትር ስለሆነ የእሱ ቁጥር 6,240 አካባቢ ነው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ካርታው። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የምናውቀውን የዓለም ካርታ አስቡት። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በማስመሪያ መስመር ብታሰምሩ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ፣ በምዕራብ ሰሃራ ጠረፍ በኩል አትላንቲክ ይገባል። አጭሩ መንገድ ይህ ይመስላል። አይደለም። በዚህ መስመር የሚሄድ አውሮፕላን 12,085 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአጭሩ መንገድ በ520 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ በረራ ማለት ነው።

ጥፋቱ የካርታው ነው፤ ጥፋት ካልነው። ብዙዎቻችን የለመድነው ካርታ አሣሣሉ መርካቶር የተባለ የፍላንደርስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ያዘጋጀው ነው። ዓላማው ቀላል ነበር። መርከበኛው ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ፣ ኮምፓሱን በዚያ አቅጣጫ ይዞ ሳይቀይር ይሄዳል። ለዚህ ሲባል ግን ወደ ዋልታ የቀረበው ሁሉ ተለጥጧል። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል መስላ የምትታየው ለዚህ ነው፤ አፍሪካ ግን 14 እጥፍ ትበልጣታለች። ከላይ በኩል ያለው መንገድ ካርታው ላይ ረጅም የሚመስለው ካርታው ስላስረዘመው ነው።

እውነቱን ማየት የፈለገ ሉል ይፈልግና ክር ይያዝ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጎ ክሩን ይወጥረው። ክሩ ወደ ምዕራብ አይሄድም። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ልክ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል። ዓባይን ተሻግሮ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ ጎጃምን ያቋርጣል። ከዚያ ካርቱምን በስተቀኝ ትቶ በሱዳን በረሃ ወደ ሊቢያ ይገባል። የቱኒዚያንና የአልጄሪያን ሰማይ ነክቶ፣ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ ስፔን ላይ ብቅ ይላል። ፖርቱጋልን ካለፈ በኋላ ከአዞሬስ ደሴቶች በስተሰሜን ውቅያኖሱ ላይ ከፍ እያለ 44.7 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ይወጣል። ይህ ከዋሽንግተን ራሷ በብዙ ወደ ሰሜን ነው። ከዚያ ቁልቁል መመለስ ይጀምራል። ማሳቹሴትስ ጠረፍ ላይ ባለችው በናንታኬት ደሴት አጠገብ አሜሪካ ይደርስና ኒው ጀርሲን አልፎ ደለስ ይገባል። ስለዚህ ዋሽንግተን የሚገባው ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ፊታችሁ ባለው ስክሪን ላይ አውሮፕላኑን ስትከታተሉ «ይሄ ሰውዬ ለምን ይዞራል?» ያላችሁ ካላችሁ፣ ሰውየው አልዞረም።

ይህን ከያዝን በኋላ ደስ የሚል ነገር ይመጣል። የዋሽንግተኑ በረራ በተለያዩ ዓመታት ለነዳጅ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ሲያርፍ ኖሯል። (የሞጆውን ሎሜ ማለቴ አይደለም፤ የቶጎን ዋና ከተማ ነው።) ካርታ ዘርግታችሁ ከሦስቱ የትኛው መንገድ ላይ ነው ብትሉ ዓይናችሁ ሎሜ ላይ ያርፋል። አዲስ አበባ ጎን ለጎን፣ ወደ ምዕራብ፣ ፊት ለፊቷ አትላንቲክ። ደብሊን ግን አናት ላይ ናት፤ ማን እዚያ ድረስ ይወጣል?

ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። በሮም በኩል ሲሆን ድምሩ 11,710 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቀጥታው በ150 ብቻ ይበልጣል። በደብሊን በኩል 11,830፤ ጭማሪው 270 ነው። በሎሜ በኩል ግን 12,750 ይደርሳል። ወደ 1,190 ኪሎ ሜትር ጭማሪ! ካርታው ላይ መንገድ ዳር የመሰለችው ከተማ ከሁሉም የምታዞረው እሷ ሆነች። ሎሜ የተመረጠችው ርቀት ለማሳጠር እንዳልሆነ ከዚህ ግልጽ ነው። አየር መንገዱ እዚያ ሁለተኛ ማዕከል አለው፤ የምዕራብ አፍሪካን ተሳፋሪ እዚያው ይሰበስባል። ርቀት ከብዙ ሂሳቦች አንዱ ብቻ ነው።

ከላይ የዘረጋነው ክርም የወረቀት መንገድ ነው። ሰማይ ባለቤት አለው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ ሲፈነዳ የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። ክሩ ደግሞ የሚያልፈው በሱዳን መሀል ነው። የሊቢያም ጉዳይ ያው ነው፤ ከጋዳፊ መውደቅ በኋላ ባሉት ዓመታት የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች አውሮፕላኖቻቸው ከሊቢያ ሰማይ እንዲርቁ ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። አጭሩ መንገድ በሁለቱም በኩል አደጋ ያለበት ሆነ ማለት ነው። አውሮፕላን በጂዳና በካይሮ አናት ላይ ዞሮ ይሂድ ብንል ድምሩ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የግማሽ ሰዓት ጭማሪ ነው፤ ነዳጁ ሳይረሳ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ አገር በሰማዩ ለሚያልፍ አውሮፕላን ክፍያ ያስከፍላል። በረራውን የሚያቅዱት ባለሙያዎች ታዲያ ክፍያውን፣ የተዘጋውን ሰማይና የዕለቱን ነፋስ አንድ ላይ ደምረው ነው መንገድ የሚያወጡት። የዛሬው መንገድ የትናንቱ ላይሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ጥያቄ። አውሮፕላኑ ለምን በአንድ ጊዜ አይደርስም? ብዙ ሰው «አውሮፕላኑ አቅም የለውም» ብሎ ይደመድማል። ቦይንግ 787-8ን እንውሰድ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር። አምራቹ 13,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል ይላል። 11,560 ከዚያ ያንሳል። በወረቀት ላይ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

እንቅፋቱ ያለው ቦሌ ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። አውሮፕላንን የሚያነሳው ደግሞ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በፍጥነት መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፣ የሚገፋው ጉልበት ግን አነሰ። ስለዚህ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ለሁሉም አይበቃም። ጎማውም የፍጥነት ጣሪያ አለው። አንድ ሞተር መንገድ ላይ ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር ተራራ ሳይነኩ መውጣት መቻልም ግዴታ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በእንጦጦና በመሰል ተራሮች የተከበበች ናት።

ይህ ሁሉ ሲደመር መፍትሔው አንድ ነው። ክብደት ቀንስ።

787-8 ቢበዛ 228 ቶን ገደማ ሆኖ እንዲነሳ ነው የተፈቀደለት። ቦሌ ላይ ግን ያን ያህል ተሸክሞ አይነሳም። የአውሮፕላኑ የራሱ ክብደት አይቀነስም። የሚቀነሰው ወይ ሰውና ዕቃው ነው፣ ወይ ነዳጁ። ይህ አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ይጨርሳል። ከ13 ሰዓት በላይ ለሚፈጅ በረራ ወደ 70 ቶን ይፈልጋል። መጠባበቂያው ደግሞ ከዚያ ውጭ ነው፤ ደለስ በበረዶ ቢዘጋ ወደ ሌላ ኤርፖርት የሚሄድበት፣ ሰማይ ላይ እየዞረ የሚጠብቅበት።

ነዳጅ ራሱ ጭነት መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከፋው። ገለባዋን ራሷ ተሸክማ ሩቅ ገበያ እንደምትሄድ አህያ ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ገለባው ከሸቀጡ ይበልጣል፤ ገለባውን ለመሸከምም ሌላ ገለባ መብላት አለባት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ነዳጅ በመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ሰዓታት ዝም ብሎ የሚጓዝ ሸክም ነው።

የሻንጣውን ነገር እዚህ ላይ አምጡት። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተሳፋሪ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድለታል። የእኛ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ጠርዝ ድረስ ይሞላል። በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ለጎረቤት የተላከ ድርቆሽ አለ። 270 ተሳፋሪ 46 ኪሎ ቢይዝ 12,420 ኪሎ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ነዳጅ ይመዝናል። እናንተ ሚዛኑ ላይ ቆማችሁ በአንድ ኪሎ ሽሮ ስትከራከሩ የዚያኛው ወገን ሂሳብ ይህ ነው። አየር መንገዱ ሰውን ከነሻንጣው አስቀርቶ በቀጥታ ሊበር ይችል ነበር። ወንበሩን ሞልቶ፣ ነዳጁን ቀንሶ፣ መንገድ ላይ መሙላቱ ያዋጣዋል።

ማቆሚያው ራሱ ጊዜ ይበላል። መውረድ፣ ማረፍ፣ መቅዳት፣ ሠራተኛ መቀየር፣ እንደገና መነሳት። ተሳፋሪው ብዙ ጊዜ ከወንበሩ አይነሳም። ግን ሰዓቱ ይቆጠራል።

መመለሻውን ተመልከቱ። ደለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው። ያው አውሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣውን ይዞ ይነሳል። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጅ ስለጨረሰ ቀሏል፤ ከፍታው ለማረፍ ያን ያህል አያስቸግረውም። የሚከብደው ከፍታ ላይ መነሳት ነው።

የቀረው ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ወንዝ አለ። በክረምታቸው ወቅት ይበረታል፤ አንዳንዴ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የሚነሳው ከሰሜኑ ቅዝቃዜና ከምድር ወገብ ሙቀት ልዩነት ነው፤ የመሬት መሽከርከር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያጠመዝዘዋል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ አትላንቲክ ላይ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ከኋላ ይገፋዋል።

ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በመንገዱ ሁሉ ተደምሮ ነፋሱ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ መሄጃው በ850፣ መመለሻው በ950 ይሆናል። 11,560ን ለ850 ብናካፍል 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፤ ለ950 ሲሆን 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ያለ ማረፊያ እንኳ የሰዓት ተኩል ገደማ ልዩነት አለ። አውሮፕላኑ ግን በዚያም በዚህም እኩል ነው የሮጠው። ከመሬት አንጻር ተጨማሪ ኪሎ ሜትር አልተጓዘም፤ የተጨመረው በአየሩ ውስጥ የሄደው ነው። ነዳጅ የሚቆጥረው ደግሞ ያንን ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ የአውሮፕላን መስመሮች በየቀኑ እንደ አዲስ የሚሠመሩት ለዚሁ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ወንዙን ፍለጋ ይወጣል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይሸሸዋል።

ትኬት ላይ የምታዩት ሰዓት ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 የሚደርስ ትኬት ብታዩ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። ሁለቱ ሰዓቶች ግን የየአገሩ ናቸው። ዋሽንግተን ከእኛ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ በስምንት። ሰባቱን ስትደምሩ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሲመለሱ ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት የሚደርስ ስለሆነ ሙሉ ቀን ያለቀ ይመስላል። እናቱን ለመቀበል ደለስ የሚሄድ ሰው ሌላም ነገር ይጠንቀቅ። እሷ «በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ» ካለች በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የእነሱ ስምንት።

ይህ ሁሉ ወደፊት ሊለወጥ ይችላል፤ ርቀቱ ሳይሆን ጉዞው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በሚባል ቦታ ሊሠራ የታቀደው አዲስ ኤርፖርት ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። ጥቂት መቶ ሜትር ቀላል ይመስላል። ለክንፍና ለሞተር ግን ወፈር ያለ አየር ነው፤ ተራራውም ይርቃል። አንድ አውሮፕላን ከዚያ የሚነሳው ከቦሌ በሚበልጥ ነዳጅና ጭነት ነው። አቡሴራ ከዋሽንግተን ሲታይ ከቦሌ አልፋ ስለሆነች፣ 11,560 የሚለው ቁጥር ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መጨመራቸው አይቀርም።